መነጽር አልቀመጥ ያለባት ጠመንጃ

ተረት ልንገራችሁ። የላም በረት የምትሉ ካላችሁ በሉ፤ የእኔ ግን ማሳ ነው፣ የገባበትም ላም ሳይሆን ከርከሮ ነው። ነገሩ አንዱ ካንዱ የተቋጠረ ስለሆነ አንድ በጨመርኩ ቁጥር የኋላውን ሁሉ መልሼ እቆጥርላችኋለሁ። የሰለቸው ይውጣ። አያ ቢምረው መውጫ አላገኘም እንጂ እሱም ሰልችቶት ነበር።

አያ ቢምረው በቆላው በኩል፣ ደን ዳር፣ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። አብራው የቀረችው ልጁ ውዳላት ብቻ ናት። ውዳላት ሳቂታ፣ ሥራ የማይከብዳት፣ እንኳን ለአባቷ ለጎረቤት የምትተርፍ ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ ግን አንድ በአንድ በመኪናው መንገድ ወደ ሱዳን ወርደው አልቀዋል። አምናና ካቻምና በቆሎውን ከርከሮ ስለበላው አባትና ልጅ ክረምቱን የገፉት ከዘመድ በተሰፈረ እህል ነው። ዘንድሮ በቆሎው ሲያብብ ውዳላት አባቷን ቁጭ አደረገችና እንዲህ አለችው፦

«አባየ፣ ይህ በቆሎ ጎተራ ከገባ እቀራለሁ። ካልገባ ግን አትያዘኝ። የሰው ቁና ማየት በቃኝ።»

ይገባል አላት። አያ ቢምረው ከዚህ ዓለም የፈለገው ይኸንን ብቻ ነው፦ በቆሎው ይግባ፣ ልጁ ትቅር። እስቲ አሁን ይህ በዛ?

በቆሎው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከርከሮው ከደኑ ወጣ። ክራንቻው የተቆለመመ አውራ ከርከሮ ነው፤ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም፣ ሚስቱን ልጆቹን አስከትሎ ነው። አያ ቢምረው ጮኸ፣ ወነጨፈ፣ በማሳው ዙሪያ እሳት አነደደ። ከርከሮው ቀና ብሎ አየው፣ ሰው መሆኑን አጣራና ወደ እራቱ ተመለሰ። ከርከሮው አይወጣ፣ በቆሎው አይገባ፣ ውዳላት አትቀር።

ከቤት የአባቱ ጠመንጃ ነበረች። አገሩ ባለቀለበቷ ይላታል። እንደ ምንሽር መቀርቀሪያዋን ወደ ኋላ የሚስቧት አይደለችም፤ ከምላጯ ሥር ቀለበት የመሰለ እጀታ አላት። ጣት አስገብተው እጀታውን ወደ ታች ሲመቱት ባዶው ቀለህ በአናቷ ወደ ሰማይ ይፈናጠራል፣ ወደ ላይ ሲመልሱት አዲሱን ጥይት ትጎርሳለች። አያ ቢምረው በጉብዝናው ጊዜ በዚህች ብረት ተኩሶ ሲስት ያየው ሰው የለም። አሁን ግን ዓይኑ ከድቶታል። ማማው ላይ ወጥቶ ሲያነጣጥር ከርከሮውና ጉቶው አንድ ሆኑበት። ተኮሰ፣ ጉቶውን መታ። ደገመ፣ አፈሩን መታ። ሰፈርተኛው «ጉቶ ገዳይ» የሚል ስም አወጣለት፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ ወንዝ ወርደው ሳቁበት።

ደህና ዓይን ላለው ሰው ስጣትና ይተኩስልህ ያሉትም ነበሩ። በእኛ አገር ግን ብረቱን ለሰው አስይዞ እሱ ቆሞ የሚያይ ወንድ ከቤቱ ባይወጣ ይሻለዋል፤ እምቢ አለ። ይኼ የራሱ ጥፋት ነው፣ አልሸፍንለትም። ውዳላትም ነግራው ነበር፤ አልሰማትም። እንግዲህ ዓይኑ አያይ፣ ጠመንጃዋ አትመታ፣ ከርከሮው አይወጣ፣ በቆሎው አይገባ፣ ውዳላት አትቀር።

በዚህ መኻል የሟች ሚስቱ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ከድንበር ገበያ የጠመንጃ መነጽር አመጣለት። አጭር ጥቁር ቧንቧ ነው። አንድ ዓይን ጨፍነው ሲያዩበት ከሸለቆው ማዶ የምትጭር ዶሮ እግር ሥር የመጣች ትመስላለች፤ መኻሉ ላይ ደግሞ እንደ መስቀል የተጠላለፈ ቀጭን ክር አለ። አያ ቢምረው አይቶበት አይቶበት እንደ ልጅ ሳቀ። ስንት ጊዜ ጭጋግ ብቻ ያየበትን ደን ቅጠል በቅጠል አየው። «እንግዲህ ወዮለት» አለ ለከርከሮው፣ ያን ዕለትም ጠመንጃዋን ተሸክሞ ከተማ ወረደ።

ከተማ ውስጥ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚበሳ፣ የሚበይድ ፈንታ የሚባል ሰው አለ። ፈንታ መነጽሩን የት ላድርግልህ ሲለው አያ ቢምረው ተገረመ። ዓይን የተፈጠረው ከአናት ነው፤ ከጎኑ የሚያይ ዶሮ ብቻ ነው፤ አናቷ ላይ አድርግልኝ አለው። ፈንታም የታዘዘውን አደረገ፤ በብረት ማቀፊያ ጠፍንጎ አናቷ ላይ አሰረው። ሁለቱም ቀለሁ በየት እንደሚወጣ አላሰቡም። መነጽሩን ሲያዩ ጠመንጃዋን ረሷት።

አያ ቢምረው ማማው ላይ ወጣ። ከርከሮው መጣ። በመነጽሩ ውስጥ ሽፋሽፍቱ እንኳ ተቆጠረ። ተኮሰና የከርከሮውን ጆሮ በጠሰው። ከርከሮው ዘሎ ቆመ። አሁን አንድ ጥይት ብቻ ነው የቀረው፣ ነገሩ ሊያልቅ ነው፤ አያ ቢምረው እጀታውን ወደ ታች መታ። ቀለሁ እንደ ልማዱ በአናቷ ሊፈናጠር ተነሳ፣ የመነጽሩን ሆድ ገጨ፣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ወደቀና ጎኑን ሰጥቶ ተሰነቀረ። ቀለሁ አይወጣ፣ ጥይቱ አይገባ። አያ ቢምረው በጣቱ ጎረጎረ፣ በእንጨት ጎረጎረ፣ መጨረሻም በጥርሱ ሞከረ። ከርከሮው አንድ ጆሮውን ትቶ ሙሉ እራቱን በላ።

ፈንታ ጠመንጃዋን ሲያያት ገባው። መነጽሩ ከአናቷ ወርዶ በግራ ጎኗ መሆን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጎኗን በፑንታ በስቶ፣ ለብሎኑ ጥርስ አውጥቶ፣ ማቀፊያውን በብሎን ማሰር ነው። ብረቷን ሞርሳ ላይ አጥብቆ ፑንታውን ሊያስነሳ ሲል ግን እጁ ቆመ። የማን ናት ብሎ ጠየቀ። የአባቴ ናት አለው አያ ቢምረው። ወንድም አለህ አለው። አለኝ አለው። ፈንታ ፑንታውን አስቀመጠ። የአባት ብረት አንዱ ልጅ ይያዘው እንጂ የሁሉም ነው፤ ያለ ወንድም ቃል ጎኗን መብሳት የአባትን ጎን እንደ መውጋት ይቆጠራል። አንዴ ሳይጠይቅ የሰው አፈሙዝ አሳጥሮ ወንድሞቹ መጥተው መሣሪያውን ሰባብረውበታል። አልበሳም አለ። ፈንታ አይበሳ፣ መነጽሩ አይቀመጥ፣ ዓይኑ አያይ፣ ጠመንጃዋ አትመታ፣ ከርከሮው አይወጣ፣ በቆሎው አይገባ፣ ውዳላት አትቀር።

ወንድሙ አንሙት ከጎኑ ነው የሚያርሰው። ኑግ ስለሚዘራ ከርከሮው ደጁን አይረግጥም፤ ማታ ማታ የወንድሙን ጩኸት እየሰማ ይተኛል። ሁለቱ አንዲት ግራር ባለችበት ቁራጭ መሬት ተቀያይመው በዓል እንኳ አብረው ካልበሉ ቆይተዋል። አያ ቢምረው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ደጁ ቆመ፤ ታላቅ ሆኖ ታናሹን ለመነ። አንሙት ግባም አላለው።

«ጠመንጃዋ የአባታችን ናት፣ መሬቱም የአባታችን ነው» አለው። «ድንበሬን መልስልኝና ብረትህን ብሳ።»

አያ ቢምረው እንዲያው ውሰደው አለ። ለልጁ ሲል እንኳን ግራሯን ደረቱን ይሰጥ ነበር። አንሙት ግን ይህም አልበቃውም። ምጽዋት አልለመንኩህም፣ ድሮም የኔ እንደነበር በሽማግሌ ፊት ተናገር አለው። ወይ ወንድም! አንሙት እሺ አይል፣ ፈንታ አይበሳ፣ መነጽሩ አይቀመጥ፣ ዓይኑ አያይ፣ ጠመንጃዋ አትመታ፣ ከርከሮው አይወጣ፣ በቆሎው አይገባ፣ ውዳላት አትቀር።

ወደ ሽማግሎቹ ሄደ። የሽማግሎቹ አፈ ጉባኤ አባ ጓንጉል ናቸው። አባ ጓንጉል አንገታቸውን ነቀነቁ። አምና የሰው ድንበር ዳኝተው፣ ባለጉዳዮቹን አስተቃቅፈው በተነሱ ማግስት የቀበሌው ሊቀመንበር ያለ እኔ ማን መሬት ዳኙ አላችሁ ብሎ ፍርዱን ገልብጦባቸዋል። አገር ሳቀብን አሉ፤ ከእንግዲህ ሊቀመንበሩ ካልመጣ በድንበር ጉዳይ አንቀመጥም። አያ ቢምረው እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ልጄ ልትሄድብኝ ነው አላቸው። አባ ጓንጉል ከልባቸው አዘኑ፣ አንስተው መረቁት። ግን አልተቀመጡም። ምርቃቱን ይዞ ተመለሰ፤ ሽማግሎቹ አይቀመጡ፣ አንሙት እሺ አይል፣ ፈንታ አይበሳ፣ መነጽሩ አይቀመጥ፣ ዓይኑ አያይ፣ ጠመንጃዋ አትመታ፣ ከርከሮው አይወጣ፣ በቆሎው አይገባ፣ ውዳላት አትቀር።

ሊቀመንበሩ ዳምጤ ይባላል። ዕድሜው ለአያ ቢምረው ልጅ ይሆናል፤ ግን ከተሾመ ወዲህ ሽማግሌውንም ቄሱንም አንተ ነው የሚለው። እርሻው ከመኪናው መንገድ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ግማሹ ድንች፣ ግማሹ ጤፍ። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ለሱ ደቦ ወጥቶ ጤፉን እያረመ ነበር። አያ ቢምረው ማሳው ዳር ቆሞ ጉዳዩን አስረዳ። ሊቀመንበሩ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀውም።

«ለደቦዬ ሳትመጣ ለድንበርህ ልምጣልህ?» አለው። «አረሙ እስኪያልቅ እንደ ሰው ዋል፤ ከዚያ እናያለን።»

አያ ቢምረው ደቦ ያልወጣው በስንፍና አይደለም። ማሳውን ለቅቆ ከሄደ ከርከሮው በጠራራ ፀሐይ ይገባበታል። ይህንንም ተናገረ። ሊቀመንበሩ ከርከሮውን በለው እንጂ አለና ሰዎቹ ሳቁ። እንዴት ይበለው! አሁን ነገሩ ዞሮ ገጠመ፤ ጅራቱን የሚነክስ ውሻ ሆነ። ከርከሮው ስለማይወጣ አያ ቢምረው ደቦ አይሄድ፣ ደቦ ስለማይሄድ ሊቀመንበሩ አይመጣ፣ ሽማግሎቹ አይቀመጡ፣ አንሙት እሺ አይል፣ ፈንታ አይበሳ፣ መነጽሩ አይቀመጥ፣ ዓይኑ አያይ፣ ጠመንጃዋ አትመታ፣ ጠመንጃዋ ስለማትመታ ከርከሮው አይወጣ። ከዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያብድ ነበር።

ውዳላት ናት መላ ያመጣችው። አንተ ደቦ ዋል፣ እኔ ማማው ላይ እውላለሁ አለችው። አያ ቢምረው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ የሰው ጤፍ ሲያርም ዋለ፣ ጆሮው ግን ቁልቁል ወደ ማሳው ነበር። ከታች የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማዋል። ውዳላት ናት፤ ከርከሮውን ለማባረር አሮጌ ቆርቆሮ በድንጋይ እየቀጠቀጠች ነው። ድምፁ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል፣ ከሰዓት ላይ ጭራሽ ጠፋ። ማታ ሲመለስ ልጅቱ ማማው ሥር ተቀምጣለች። መዳፏ አብጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። ከማሳው የሚበልጠው ተጋድሟል። ከርከሮው ከቁብም አልቆጠራት፤ እየጮኸች ዓይኗ እያየ በላው።

ውዳላት አባቷን አልወቀሰችውም። ቢያንስ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። እጇን በለብ ባለ ውኃ ነክራ፣ ዳር ላይ የቀረችውን ጥቂት በቆሎ አሳየችውና ይህችም ከተረፈች እቀራለሁ አባየ አለችው። ያን ሌሊት አባትየው እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በማግስቱ አያ ቢምረው ወደ ደቦው ተመለሰ። ምን ያድርግ? ዋለ፣ በማግስቱም ዋለ። ከርከሮውም ወደ በቆሎው ተመለሰ። ሊቀመንበሩ አረሙ አላለቀም ይላል። ሊቀመንበሩ አይመጣ፣ ሽማግሎቹ አይቀመጡ፣ አንሙት እሺ አይል፣ ፈንታ አይበሳ፣ መነጽሩ አይቀመጥ፣ ዓይኑ አያይ፣ ጠመንጃዋ አትመታ፣ ከርከሮው አይወጣ፣ በቆሎው... በቆሎውማ እያለቀ ነው።

ታዲያ ከርከሮም ሆድ አለውና፣ ያለው ሲያልቅበት ሌላ ይፈልጋል። አንድ ሌሊት ወንዙን ተሻገረ፣ ኮረብታውን ከነቤተሰቡ ወጣ፣ የሊቀመንበሩን ድንች ገልብጦ አደረ። ጠዋት አገር ጉድ አለ። ሊቀመንበሩ ታጣቂዎቹን ጠራ። ታጣቂዎቹ ማታ ጠብቀው ተኩስ አወረዱበት፤ ድንቹን አረሱለት እንጂ ከርከሮውን አልነኩትም። ያኔ አንድ ሰው ባለቀለበቷን አነሳ። ዓይን ቢያገኝ ከቢምረው በላይ ተኳሽ የለም አለ። ሊቀመንበሩ ገና ጎህ ሲቀድ አያ ቢምረው ደጅ ቆሞ ተገኘ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ቢምረው» አለው። «ያች የአንቱ ጠመንጃ መቼ ነው የምትደርሰው?»

አንቱ ተባለ፤ ለካ ይቻላል። ከዚያ በኋላማ ነገሩ እንደ ተተረተረ ሹራብ ነው። ሊቀመንበሩ መጣ፣ ሽማግሎቹ ተቀመጡ። አያ ቢምረው ግራሯ ድሮም የአንሙት ነበረች ብሎ በሰው ፊት ተናገረ፣ ውሸት መሆኑን አባ ጓንጉልም ያውቃሉ። አንሙት እሺ አለ። ፈንታ በሊቀመንበሩ ሞተር ሳይክል ተጭኖ ከነመሣሪያው መጣ፤ ጎኗን በሳ፣ ጥርስ አወጣ፣ ማቀፊያውን በብሎን አሰረ። መነጽሩ ተቀመጠ። ለሙከራ እሩቅ ግንድ ላይ ቅል ሰቅለው ተኮሰባት፤ ቅሏ ተበተነች፣ ቀለሁም መነጽሩን ሳይነካ ወደ ሰማይ ተፈናጠረ። ስንት ሳምንት የለመነው ነገር ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። አያ ቢምረው ደስ አለው እንዳልል አንጀቱ አረረ፣ አረረ እንዳልል ደግሞ ደስ ብሎታል። ከማሳው ጥግ የቀረችዋ በቆሎ ትዝ አለችው። ለውዳላት ዛሬ ያልቃል አላት። እሷ ግን ጥጓን ጠዋት አይታት ነበር፤ ባዶ ናት። ለአባቷ አልነገረችውም። ጋቢውን አራግፋ ትከሻው ላይ አደረገችለት፣ ጉንጩን ሳመችው፣ ቶሎ ሂድ አለችው።

አያ ቢምረው ኮረብታው ላይ፣ የሊቀመንበሩ ድንች መኻል ተቀመጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከርከሮው ባንድ ጆሮው መጣ። ዓይኑ አየ፣ ጠመንጃዋ መታች፣ ከርከሮው ወደቀ። ባንድ ጥይት ነው፤ ሁለተኛ አልፈለገም። ታጣቂዎቹ ፎከሩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጉቶ ገዳይ ያሉት ሁሉ ትከሻውን ሳሙት። ሊቀመንበሩ ሮጦ ድንቹን ነው ያየው። እግዜር ይመስገን፣ እኩሌታው ተርፏል አለ።

አያ ቢምረው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ከታች መንገዱ ላይ አቧራ ተነሳ፤ የከሰዓቱ መኪና ነው። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ጠመንጃዋን አዞረና በመነጽሩ አየ። መኪናው ቆሟል። ሰዎች እየተሳፈሩ ነው። ከነሱ መኻል አንዲት ልጅ ዕቃዋን አቀብላ፣ እግሯን አንስታ፣ ወደ መንደሩ ዘወር አለች። ውዳላት ናት። ያበጠው መዳፏ ሳይቀር ይታያል። ታለቅስ ነበር። መስቀል የመሰለው ክር ደረቷ ላይ ነው ያረፈው፤ ልጁን በአፈሙዝ እያየ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ጠመንጃዋን ከጉንጩ ነጠቀ። ባዶ ዓይኑን ቢያፈጥ አቧራ ብቻ ነው። ቢጣራ አትሰማ፣ ቢሮጥ አይደርስ። መኪናው ሄደ።

ሊቀመንበሩ ዛሬ የፈለጉትን ይጠይቁ፣ ምን ላድርግልዎ እያለ መጣ። አያ ቢምረው ጠመንጃዋን፣ ተኩሱን ለማየት ከነመሣሪያው አብሮ ለወጣው ለፈንታ ዘረጋለት።

«ንቀልልኝ» አለው።

ፈንታ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቱን ሲያየው ግን ካቻቢቴውን አወጣ። ብሎኑ ተፈታ፣ ማቀፊያው ወረደ፣ መነጽሩ ወረደ። ሊቀመንበሩ ድንች ላይ ነው፣ ሽማግሎቹ ቤታቸው ናቸው፣ አንሙት ግራሯ ሥር ነው፣ ከርከሮው ሞቷል፣ በቆሎው አልቋል፣ ውዳላት ሄዳለች። በጠመንጃዋ ጎን ላይ የቀረው የተበሳው ቀዳዳ ነው።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፤ ዳቦው ከነበቆሎው ተበልቷል።